«ምክር» የሚለው ቃል ስላሳሳታቸው፦ ጥያቄና መልስ

ከአራት ኪሎ፣ ከፒያሳና ከአካባቢው ያላችሁ የቡድናችን አባላት ስለ ሥነ ልቦና ሕክምና ላቀረባችኋቸው ጥያቄዎች እንደሚከተለው እመልሳለሁ። እኔ የሥነ ልቦና ባለሙያ እንጂ የአእምሮ ሐኪም ስላልሆንኩ መድኃኒት አላዝም፤ የጀመራችሁትንም መድኃኒት ሐኪማችሁን ሳታማክሩ እንዳታቋርጡ አደራ እላለሁ።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ ሁለት ጊዜ ሄድኩ። ባለሙያዋ ስትጠይቀኝና ስትሰማኝ ዋለች እንጂ አንድም ምክር አልሰጠችኝም። የከፈልኩት ለዚህ ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ጥፋቱ የቃሉ ነው። አገልግሎቱን «ምክር» ብለን ስለሰየምነው ሰው ሁሉ ሽማግሌ ፊት እንደሚቀርብ ሆኖ ይመጣል፤ ሽማግሌ ደግሞ ግራ ቀኙን ሰምቶ «ታረቂ» ወይም «ተይው» ብሎ ይፈርዳል። በየጤና ጣቢያው የለመድነው የኤች አይ ቪ «ምክርና ምርመራ»ም የሥነ ልቦና ሕክምናን ባለሙያው የሚያስረዳበት፣ ተገልጋዩ የሚያዳምጥበት ሥርዓት አድርገን እንድናስበው ሳያደርገን አልቀረም። («የንግግር ሕክምና» የሚሉም አሉ፤ እሱ ደግሞ መንተባተብን ከሚያክመው ሙያ ጋር ይምታታል።)

የእኛ ሥራ ግን መፍረድ ሳይሆን፣ እየጠየቅን ሰው ሐሳቡን ራሱ እንዲመረምር መርዳት ነው። ለምሳሌ የአእምሮ ሐኪሙ አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የጀመረውን፣ ዛሬ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና የሚባለውን ዘዴ እንመልከት። አንዲት ሠራተኛ አለቃዋ ሰላም ሳይላት ቢያልፍ «ሊያባርረኝ ነው» ብላ ታስባለች፤ ሌሊቱን ሳትተኛ ታድርና በማግሥቱ ከቢሮ ትቀራለች፤ መቅረቷ ደግሞ ሥጋቷን ያብስባታል። እኔ «አትጨነቂ» ብላት ምን እጨምርላታለሁ? እናቷም ጎረቤቷም ብለዋታል። ስለዚህ ያን ጊዜ በአእምሮዋ ምን እንዳለፈ፣ ለሐሳቧ ምን ማስረጃ እንዳላት፣ አለቃዋ ሰላም ሳይላት ያለፈበት ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችል እንደሆነ እጠይቃታለሁ፤ በሳምንቱ ውስጥ እንዲህ ያለውን ሐሳብ ሁሉ እየመዘገበች እንድትመጣም የቤት ሥራ እሰጣታለሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች ታሪክን በመጠየቅ ማለፋቸው የተለመደ ነው። ሆኖም «ዕቅዳችን ምንድን ነው?» ብለው ባለሙያዋን የመጠየቅ መብት አለዎት፤ ይጠይቋት።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ስገባ ሰው ቢያየኝ አበደ አይለኝም?

መልስ፦ ሊል ይችላል። የአማኑኤል ሆስፒታልን ስም መሳደቢያ ባደረገ ከተማ ውስጥ ነው የምንኖረው። ነገር ግን ከሚመጡት መካከል ሐዘን የጸናባቸው፣ ትዳራቸው የታወከባቸውና እንቅልፍ ያጡ ብዙ ናቸው።

ጥያቄ (ከልደታ)፦ በስንት ቀን እድናለሁ?

መልስ፦ ከምን? ሕመምዎን ሳይነግሩኝ ቀን ልቆርጥልዎ አልችልም። ከላይ የጠቀስኩት ዘዴ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 20 ቀጠሮ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለ50 ደቂቃ ያህል ይሰጣል።

ጥያቄ (ከአራዳ)፦ ጸበልና የንስሐ አባት እያሉ ይህ ምን ያስፈልጋል?

አንድ አባል፦ በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ ያሳፍራል።

ጠያቂው፦ እኔ የዳንኩት በጸበል ነው፤ የሚያሳፍረው ያላዩትን መናቅ ነው።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ ጸበል ሲገባ መድኃኒቱን አቋረጠ፤ በወሩ ሕመሙ ተመለሰበት። እኔ የማውቀው ይህን ነው።

መልስ፦ መናናቁ ይብቃ። የንስሐ አባት ለነፍስ ነው፣ የእኔ ሥራ ሌላ ነው፤ አንድ ሰው ሁለቱንም ቢይዝ አይጋጭበትም። የወንድምየውን ጉዳት ያመጣው መድኃኒቱ መቋረጡ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ደግሜ እላለሁ፦ ጸበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ።

ጥያቄ (ከቄራ)፦ ባለሙያው መምከር የሚጀምረው በስንተኛው ቀን ነው?

መልስ፦ ለካዛንቺሷ እኅት የጻፍኩትን ያንብቡ።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ)፦ የነገርኩት ለባለቤቴ ይደርሳል?

መልስ፦ አይደርስም። በራስዎ ወይም በሌላ ሰው ሕይወት ላይ አደጋ ሲያንዣብብ፣ ሕፃን ሲበደል ወይም ፍርድ ቤት ሲያዝ ግን ምስጢሩ ገደብ አለው። ባለሙያው ይህን በመጀመሪያው ቀን ሊያስረዳዎ ይገባል።

ጥያቄ (ከስድስት ኪሎ)፦ ባለሙያው አልተስማማኝም። ብቀይረው ነውር ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። በእናንተ መካከል ያለው መግባባት የሕክምናው አንድ ክፍል ነው። ነገር ግን በይሉኝታ ስልክ እየዘጉ ከመጥፋትዎ በፊት ያልተስማማዎትን ለራሱ ይንገሩት፤ ብዙ ጊዜ ያኔ አካሄዱን ያስተካክላል፣ ካልሆነም ወደ ሌላ ባለሙያ ይመራዎታል።