ጥቁሩን ነጥብ አትፈትጊው፦ የአያት መስታወት እንዴት ይታደሳል?

መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ያለች አንዲት እህት ጥያቄ ልካልኛለች፤ ከነፎቶው። አያቷ ሲዳሩ የተሰጣቸው የግድግዳ መስታወት ነው። ወርዱ 60፣ ቁመቱ 90 ሳንቲሜትር። የታችኛው ጠርዝ ጠቁሯል፤ ጥቁሩም እንደ ሻጋታ ወደ ላይ እየወጣ ነው። የፍሬሙ አንድ ማዕዘን አፉን ከፍቷል። ወርቃማው ቀለም ሲላጥ ከሥሩ ነጭ ነገር ይታያል፣ ከጀርባው ደግሞ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ አለው። ጎረቤቷ «በሎሚና በአመድ ፈትጊው» ብላታለች። ወንድሟ ደግሞ «ወርቃማ ስፕሬይ ገዝተሽ ንፊበት» ይላል። የቱን ላድርግ ነው ጥያቄዋ።

እህቴ፣ ሁለቱንም አታድርጊ። በተለይ ሎሚውን።

ጥቁሩ ነገር ቆሻሻ አይደለም። መስታወት ማለት ጠፍጣፋ ብርጭቆ ነው፤ ጀርባው ላይ በጣም ስስ ብር ተለብጧል፣ ከብሩ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ መዳብ አለ፣ ከዚያ መከላከያ ቀለም። የብሩ ውፍረት የአንድ ሚሊሜትር አሥር ሺህኛ ገደማ ነው። የጠቆረው ይሄ ብር ነው፤ ያለውም ከብርጭቆው ወዲያ ነው። ከፊት ሆነሽ ዓመት ሙሉ ብትፈትጊ አትደርሺበትም። አመዱ ፊቱን ይጭርልሻል፣ ሎሚው በጠርዙ ሰርጎ የቀረውን ብር ይበላዋል።

ለምን ከታች ጀመረ? ሰው መስታወት ሲያጸዳ ውኃውን ወይ የመስታወት ማጽጃውን በቀጥታ ፊቱ ላይ ይረጫል። ፈሳሹ ቁልቁል ይወርዳል፣ ፍሬሙና መስታወቱ በሚገናኙበት ስንጥቅ ይገባል፣ እዚያው ታች ይቀመጣል። ማንም አያየውም። ማጽጃው አሞንያ ካለበት ደግሞ የባሰ ነው። በዚያ ላይ የእኛን ደጋ አስቢው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ ነው፣ የድንጋዩ ግድግዳ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፣ ጠዋት እሳት ሲነድና ቡና ሲፈላ የቤቱ እንፋሎት ሄዶ ቀዝቃዛው መስታወት ጀርባ ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፋል። ኩበት የሚነድበት ቤት ከሆነ ጭሱ ድኝ አለበት፤ ብርን እንደ ድኝ የሚያጠቁረው ነገር የለም።

ስለዚህ የጠፋው ብር አይመለስም፣ ግን እንዳይስፋፋ ማቆም ይቻላል። እኔ ብሆን የማደርገው ይሄንኑ ነው። ፍሬሙን በደንብ አክሜ፣ መስታወቱን ከእርጥበት ጠብቄ፣ ጥቁሩን ጠርዝ እንዳለ እተወዋለሁ። አያትሽ ሙሽራ ሆነው ያዩበት ብርጭቆ ነው። መልክ ማየቱን አልተወም።

መጀመሪያ አውርጂው፤ ለሁለት ሆናችሁ። ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ ብርድ ልብስ አንጥፊና በፊቱ አስተኚው። ጀርባውን የያዙትን ምስማሮች በፒንሳ ቀስ አድርገሽ ሳቢ፤ ፒንሳውን መስታወቱ ላይ አስደግፈሽ እንዳትፈነቅይ፣ በመሃል ወፍራም ካርቶን ይግባ። ከጀርባው ካርቶን ወይ የድሮ ጋዜጣ ታገኚ ይሆናል። ጋዜጣ ከሆነ አትጣዪው፣ ቀኑን እዪው። ያ መስታወት መቼ እንደተገጠመ ወይም እንደተጠገነ ብዙ ጊዜ የሚናገረው እሱ ነው። መስታወቱን ስታወጪ በጠርዙ አቁመሽ ተሸከሚው እንጂ አጋድመሽ አትያዢው፤ ሲጋደም በራሱ ክብደት ይሰበራል።

አሁን ጀርባውን ተመልከቺ። ቡናማ፣ ቀይ ወይም ግራጫ ቀለም ከተቀባ የብር መስታወት ነው፣ ቀጥዪ። ቀለም ከሌለውና እንደ ቆርቆሮ የሚያብረቀርቅ ሸካራ ግራጫ ከሆነ ግን እጅሽን ሰብስቢ። በብር መለበጥ የመጣው ዩስቱስ ፎን ሊቢግ የሚባለው ጀርመናዊ ኬሚስት በ1835 (እንደ ፈረንጆቹ) ዘዴውን ካሳየ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት መስታወት የሚሠራው በቆርቆሮና በሜርኩሪ ነበር። ሜርኩሪ መርዝ ነው። እንዲህ ያለውን አትፈቅፍቂው፣ አታሙቂው፣ ልጆች ከሚተኙበት ክፍል አውጪው። በአያትሽ ዘመን የተገዛ ከሆነ ይሄ የመሆን ዕድሉ ጠባብ ነው፤ ቢሆንም ማየቱ አይጎዳም።

የመስታወቱን ጀርባ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ አቧራውን አራግፊ። ውኃ የሚባል አይንካው። ከዚያ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ደረቅ ክፍል ሦስት አራት ቀን አቁሚው። በደንብ ሲደርቅ ጀርባውን ጠርዝ ጠርዙን አንድ ሳንቲሜትር ያህል በቀጭን ብሩሽ የዘይት ቀለም ቀቢው፤ እርጥበቱ የሚገባበትን በር መዝጋትሽ ነው። መጀመሪያ ግን ጥግ ላይ ትንሽ ሞክሪ። የድሮው ቀለም ከተኮማተረ ተዪው። ፊቱን ደግሞ ለብ ባለ ውኃ ነክረሽ አጥብቀሽ በጨመቅሽው ጨርቅ ጥረጊና ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አድርቂው። ከእንግዲህም ወዲያ የምትረጪው ጨርቁ ላይ ነው፣ መስታወቱ ላይ አይደለም።

ብሩን እንደገና መለበጥስ አይቻልም? ይቻላል፣ በሲልቨር ናይትሬት፣ በአሞንያና በስኳር ይሠራል። ውሕዱ ሲቆይ ግን የሚፈነዳ ነገር ይሆናል። ቪዲዮ አይተሽ ማድቤት ውስጥ እንዳትሞክሪው፣ አደራ። የግድ አዲስ መልክ ካስፈለጋችሁ መስታወት ቤት ሄደሽ አዲስ ባለ 4 ሚሊሜትር አስቆርጪ፤ በወርድም በቁመትም ከፍሬሙ ጎድጎድ 3 ሚሊሜትር ያነሰ ይሁን። አሮጌውን ግን በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለሽ አስቀምጪው።

ወደ ፍሬሙ እንምጣ፣ ብዙው ሥራ ያለው እዚህ ነው።

ቀዳዳዎቹ የነቀዝ ናቸው። አሁንም በሕይወት አለ ወይስ ድሮ በልቶ ሄዷል? ፍሬሙን ጥቁር ጨርቅ ላይ አድርጊና ሁለት ሦስት ሳምንት ጠብቂ። ነጣ ያለ አዲስ ዱቄት ከወረደ አለ ማለት ነው። የእንጨት ተባይ መድኃኒት ግዢና ቀለም በሌለው በጀርባው በኩል ቀቢ፣ ቀዳዳዎቹን በመርፌ ሙዪ። ጓንት አድርገሽ፣ ደጅ ላይ። ነጭ ጋዝ ያፈሳሉ አንዳንድ ሰዎች፤ ሽታው ወር ይከርማል፣ ነቀዙም ሁልጊዜ አይሞትም።

የተከፈተው ማዕዘን ላይ አዲስ ኮላ በአሮጌው ላይ አትጨምሪ፤ አይዝም። የድሮ ፍሬም ኮላ ብዙ ጊዜ ከቆዳና ከአጥንት የተቀቀለ ነው፣ ሙቅ ውኃ ያለሰልሰዋል። ጨርቅ ጫፉን ሙቅ ውኃ ንከሪና መጋጠሚያው ላይ ብቻ ያዢው፤ ሲለሰልስ በቢላ ጫፍ ጥረጊው። ውኃው ወደ ፊት ለፊቱ እንዳይሄድ። እንጨቱ ሲደርቅ ነጭ የእንጨት ኮላ ቀቢና ግጠሚው፣ ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ በረጅሙ ቆርጠሽ ፍሬሙን ዙሪያውን አጥብቀሽ እሰሪው። ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ ሁለቱንም ለኪ፤ ልኩ እኩል ከሆነ ቀጥ ብሏል። አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እዚህ አገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ነጭ ኮላ ብርድ ይፈራል። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሲደርቅ እንደ ኖራ ይነጣል፣ ጉልበትም አይኖረውም። ስለዚህ ማታ አትጣብቂ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ፀሐይ ክፍሉን ሲያሞቀው ሥሪ፣ ሌሊቱን ምድጃ ያለበት ቤት ይደር፤ ላስቲኩን በማግስቱ ፍቺ።

ከወርቁ ሥር የሚታየው ነጭ ነገር ጀሶ የምንለው ዓይነት ነው፤ ኖራ መሰል ዱቄት በኮላ ተለውሶ እንጨቱ ላይ ተቀብቶ፣ ወርቁ በዚያ ላይ ነው ያረፈው። ውኃ ሲነካው ይሟሟል። ለዚህ ነው በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጊው የምልሽ። በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ምራቅሽን አስነኪና በማይታይ ጥግ ላይ ቀስ ብለሽ አንከባልዪው። ምራቅ ቆሻሻ ይፈታል፣ እንደ ውኃም አይበዛም። ጥጡ ላይ ጥቀርሻ ብቻ ከመጣ በዚሁ መንገድ ጣት በጣት ስፋት እያልሽ ቀጥዪ። ቢጫ ከመጣ ወዲያው አቁሚ፤ ወርቁ ነው የሚመጣው።

ስፕሬዩን የምቃወመው ከልቤ ነው። ቅርጹን ይደፍነዋል፣ አሮጌውንና አዲሱን አንድ ላይ ይቀብራል፣ በኋላ ልመልሰው ብትዪ አይወጣም። ርካሹ ወርቃማ ቀለም የመዳብና የዚንክ ዱቄት ስለሆነ ከጊዜ በኋላ ይጠቁራል ወይም ያረነጉዳል። የተላጠው ቦታ ትንሽ ከሆነ የውኃ ቀለም በቂ ነው፤ ቢጫውን ከትንሽ ቡናማ ጋር ቀላቅለሽ ነጩን ብቻ ንኪ። ከሁለት እርምጃ ርቀት ዓይን አያገኘውም። ጎድጎድ ያለውን ግን አስቀድመሽ በስስ ስቱኮ ሙዪ፣ ሲደርቅ በላመ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሺ።

ስትገጥሚው የብርድ ልብስ ቁራጭ ከመስታወቱ ሥር አታድርጊ። ሱፍ በራሱ ድኝ አለበት፣ ብሩን ያጠቁራል። የጥጥ ጨርቅ ይሁን። ሲሊኮን ካስፈለገሽ ስትከፍቺው ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን አትግዢ። እኔ በጀማሪነቴ አንዲት እናት ያመጡትን መስታወት በዚያ ሲሊኮን ከእንጨት ጋር አጣብቄ ሰጠኋቸው። ስድስት ወር ሳይሞላ ይዘውት መጡ፤ ሲሊኮኑን ባሰመርኩበት ቦታ ሁሉ ጥቁር መስመር በመስታወቱ ፊት ይታያል፣ ጣቴ የሄደበት ሳይቀር። አሲዱ ብሩን በልቶታል። ከኪሴ አዲስ መስታወት አስቆርጬ ሰጠኋቸው፣ የድሮውን ግን መመለስ አልቻልኩም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሱቅ ስትሄጂ «ለመስታወት የሚሆን፣ አሲድ የሌለው» ብለሽ ጠይቂ።

ጀርባውን በካርቶን ፈንታ በስስ ኮምፔንሳቶ ክደኚው፣ ግን አታፍኚው፤ ትንሽ ይተንፍስ። ከፍሬሙ ጀርባ በታች ግራና ቀኝ የጠርሙስ ቡሽ ቆርጠሽ ለጥፊ። ያቺ ግማሽ ሳንቲሜትር ክፍተት አየር ታስገባለች፣ መስታወቱም ከቀዝቃዛው ግድግዳ ይለያል። ከሁሉም ርካሹ ሥራ ይሄ ነው፣ ከሁሉም የሚጠቅመውም እሱ ነው።

ክብደቱን አትናቂ። መስታወት በካሬ ሜትር ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር 2.5 ኪሎ ይመዝናል። ያንቺው 4 ሚሊሜትር ከሆነ ብርጭቆው ብቻ 5.4 ኪሎ ነው፣ ፍሬሙ ሲጨመር ከዚያ በላይ። ቤቱ የጭቃ ከሆነ ምስማሩ ጭቃው ላይ ሳይሆን ቋሚው እንጨት ላይ ይመታ። ምድጃው ካለበት ግድግዳ ደግሞ አርቂው።

ሥራውን ከመጀመርሽ በፊት ግን ጀርባውን ስትከፍቺ የቀለሙን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ቀለም የሌለው ግራጫና ሸካራ ከሆነ ምንም ሳትነኪ ጠብቂኝ።