ከሽያጩ ወይስ ከትርፉ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሱቅ አለኝ። በወር 300 ሺህ ብር ያህል እሸጣለሁ። ዕቃ መግዣ፣ የሱቅ ኪራይ፣ ግብርና የሠራተኛ ደሞዝ ሲወጣ 40 ሺህ ይተርፈኛል። አሥራት ከየትኛው ነው? የሟች ወንድሜን ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያስ ከአሥራት ልቁጠረው?

መልስ፦ ልጄ፣ ከ40 ሺሁ ነው። 4 ሺህ ብር። 300 ሺሁ እኮ ያንተ አይደለም፤ አብዛኛው የዕቃ አምጪዎችህ ነው። ግን የቤት አስቤዛህን ከ40 ሺሁ ቀንሰህ እንዳትጀምር! እኔ እህል በረንዳ ሳለሁ የማኪያቶዬን ሒሳብ ሳይቀር እቀንስ ነበር። ወር ሲያልቅ ለእግዚአብሔር የሚደርሰው ሳንቲም ነበር። በኋላ ባለቤቴ ሌላ ደብተር አስከፈተችኝ፤ ትርፉ እንደተሰላ አሥራቱ ወዲያው እዚያ ይገባል።

የልጆቹን ክፍያ ከቀሪው 36 ሺህ ብትከፍል ይሻላል። ሚልክያስ 3፥10 አሥራቱን ወደ ጎተራ አግቡ ይላል፤ የወንድምህ ልጆች ደግሞ ቤተሰብህ ናቸው፣ ምጽዋት ተቀባይ አታድርጋቸው። በወንጌል ያለው ቀራጩ ዘኬዎስ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች ሲሰጥ፣ የበደለውን አራት እጥፍ ለመመለስም ቃል ገብቷል። እና የሠራተኛህ ደሞዝ ዘግይቶ ከሆነ፣ መጀመሪያ እሱን ክፈል።