የጃፓን የቆዩ ስፖርት መኪኖችና የአገር ቤት ሥሪታቸው፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ጃፓን የቆዩ ስፖርት መኪኖች፣ በተለይም ለጃፓን ገበያ ብቻ ተሠርተው ስለቀሩት፣ ከተለያየ ቦታ የደረሱኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው መልሻለሁ። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አጣምሬያቸዋለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ጄዲኤም» የሚባለው በትክክል ምንድን ነው? ጃፓን ውስጥ የተሠራ መኪና ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል?

መልስ፦ አይጠራም። ቃሉ የሚመለከተው ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ ታስቦ የተሠራውን መኪና ብቻ ነው። በዚያው ፋብሪካ፣ በዚያው ሳምንት ተሠርቶ ወደ አሜሪካ ወይም ወደ ኬንያ የተጫነው ወንድሙ በዚህ ስም አይጠራም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከየት እንደመጣ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ከመሐንዲሶቹ ንድፍ በፊት የጃፓንን የታክስ ደንብ ቢመለከት ይሻለዋል።

በጃፓን አንድ መኪና «ባለ 5 ቁጥር» የሚባለውን ሰሌዳ የሚያገኘው ርዝመቱ ከ4.7 ሜትር፣ ስፋቱ ከ1.7 ሜትር፣ የሞተሩ መጠን ደግሞ ከ2000 ሲሲ ካልበለጠ ነው። ከነዚህ በአንዱ እንኳ ከበለጠ ወደ «ባለ 3 ቁጥር» ይዛወራል፤ እስከ 1989 ድረስ ደግሞ ይህ ማለት ዓመታዊ ታክሱ በእጥፍ ገደማ ያድጋል ማለት ነበር። የኒሳን ፌርሌዲ ዚ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። መኪናው በ1969 ሲወጣ አሜሪካዊው ገዢ «ዳትሰን 240 ዚ» በሚል ስም ባለ 2.4 ሊትር ሞተር ሲያገኝ፣ የገዛ አገሩ ሰው ግን ያንኑ ቅርጽ የገዛው በ2 ሊትር ሞተር ነበር። ጃፓናዊው ትልቁን ሞተር ስላልወደደ አይደለም፤ ታክሱን ስለፈራ ነው። በ2 ሊትር ገደብ ውስጥ ሆኖ ጉልበት የፈለገ ሀብታም ደግሞ «ዚ 432» የሚባለው ተዘጋጀለት፤ ቁጥሩ በየሲሊንደሩ 4 ቫልቭ፣ 3 ካርቡሬተር እና 2 ካምሻፍት እንዳለው ይናገራል። ባለ 2.4 ሊትሩ ዚ ለጃፓናዊው ገዢ የቀረበው በ1971 መጨረሻ ሲሆን፣ አፍንጫው የረዘመው «ዜድጂ» የመጣውም ያን ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ እንግዲያው የአገር ቤቱ ሥሪት ሁልጊዜ ከውጭ ገበያው ይበልጣል የሚባለው እውነት አይደለም ማለት ነው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ እውነት አይደለም። የ1993ቱን ቶዮታ ሱፕራ ባለ መንታ ቱርቦ (ቱርቦ አየርን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ነው) ይመልከቱ፤ በጃፓን 280 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ሲሸጥ፣ ለአሜሪካ የተላከው 320 ተብሎ ነበር። የአገር ቤቱ ቱርቦ ውስጡ ሴራሚክ ነው፤ ቀላል ስለሆነ ፈጥኖ ይነሳል፣ ነገር ግን ግፊቱን ከመጠን በላይ ለሚጨምርበት ሰው ይሰባበራል። የውጭ ገበያው ቱርቦ የብረት ነው፣ ነዳጅ የሚረጩት ኢንጀክተሮቹም ይበልጣሉ። ሞተሩን ለማጎልበት የሚያስብ ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ይመስለኛል።

በሌላ በኩል ጃፓኖች ለራሳቸው ብቻ ያስቀሩት ነገር መኖሩ አይካድም። የ1997ቱ ሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አር፣ ቱርቦ በሌለው 1.6 ሊትር ሞተር 185 የፈረስ ጉልበት የሚያወጣው፣ ከጃፓን ውጭ በይፋ አልተሸጠም።

ጥያቄ፦ 280 የሚለው ቁጥር በሁሉም መኪና ላይ ለምን ይደጋገማል? በአጋጣሚ ነው?

መልስ፦ አጋጣሚ አይደለም። በ1989 የወጣው ፌርሌዲ ዚ 280 የፈረስ ጉልበት ላይ ከደረሰ በኋላ አምራቾቹ በአገር ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ቁጥር ላለመጻፍ እርስ በርስ ተስማሙ። ሕግ አልነበረም፤ የመንገድ አደጋ በበዛበት ወቅት የመንግሥትን ቁጣ ለማብረድ የተደረገ የሽማግሌ ዓይነት ስምምነት ነበር። ስምምነቱ የጸናው እስከ 2004 ሲሆን ያፈረሰውም 300 ብሎ በይፋ የጻፈው ሆንዳ ሌጀንድ ነው። በመካከሉ የተሠሩት መኪኖች ግን ሁሉም 280 ብቻ ነበራቸው ብሎ የሚያምን ሰው ካለ የዋህ ነው፤ አር34 የሚባለው የኒሳን ስካይላይን ጂቲ-አር ትውልድ በመለኪያ ላይ ሲወጣ ከ300 በላይ ማሳየቱ የታወቀ ነው።

ጥያቄ፦ ስካይላይን ጂቲ-አር ለምን ይህን ያህል ይከበራል? በእኔ ዓይን ተራ የቤት መኪና ይመስላል።

መልስ፦ ዓይንዎ አልተሳሳተም፤ በ1969 የወጣው የመጀመሪያው ጂቲ-አር ባለ አራት በር የቤት መኪና ነበር። ክብሩ የመጣው ከዚያ በስተጀርባ ካለው ታሪክ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝም።

ስካይላይንን የፈጠረው ኒሳን አይደለም፤ ፕሪንስ የሚባል አነስተኛ ኩባንያ ነው። ፕሪንስ በ1964 በሱዙካ በተካሄደው ሁለተኛው የጃፓን ግራንድ ፕሪ ለመወዳደር ሲያስብ፣ የስካይላይንን አፍንጫ በ20 ሴንቲ ሜትር አርዝሞ ከትልቁ ግሎሪያ መኪናው የወሰደውን ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ከኮፈኑ ሥር አስገባበት። በውድድሩ ላይ ግን ለእሽቅድምድም ብቻ የተሠራ ፖርሸ 904 ቀረበ። ቴትሱ ኢኩዛዋ የሚነዳው ስካይላይን ያንን ፖርሸ ለአንድ ዙር ቀደመው። በመጨረሻ ፖርሸው አሸነፈ፤ ስካይላይኖቹ ከሁለተኛ እስከ ስድስተኛ ያለውን ቦታ ሞሉት። ጃፓናዊው ተመልካች ግን ያስታወሰው ያችን አንዲት ዙር ነው፤ እኔም በቦታው ብሆን የማስታውሰው እርሷን ይመስለኛል።

በ1966 ፕሪንስ ከኒሳን ጋር ተዋሃደ። ከፕሪንስ የእሽቅድምድም መኪና የወረደው ባለ 24 ቫልቭ፣ 2 ሊትር፣ 160 የፈረስ ጉልበት ያለው ኤስ20 ሞተር በስካይላይን ውስጥ ሲገባ ጂቲ-አር ተወለደ። ጃፓኖች በማዕዘናማ ቅርጹ ምክንያት «ሃኮሱካ» ይሉታል፤ «ሃኮ» ሳጥን ማለት ነው። በአገር ውስጥ ውድድሮች ወደ 50 የሚጠጋ ድል ካስመዘገበ በኋላ በ1973 የመጣው ተተኪው በ197 መኪና ብቻ ተገታ፤ የጭስ ልቀት ደንቡና የነዳጅ ቀውሱ ዘመን ነበር። ከዚያ በኋላ ለ16 ዓመት ጂቲ-አር የሚባል ስም ጠፋ።

በ1989 ስሙ አር32 በሚባለው ትውልድ ሲመለስ የሞተሩ መጠን 2568 ሲሲ የሚል እንግዳ ቁጥር ነበረው። ይህም ከደንብ የመጣ ነው። ግሩፕ ኤ በሚባለው ከገበያ መኪኖች የተሠሩ መኪኖች በሚሳተፉበት የውድድር ምድብ የቱርቦ ሞተር መጠን በ1.7 ስለሚባዛ 2568 ሲሲው ወደ 4366 ገደማ ይደርሳል፤ ይህም ከ4500 ሲሲው ምድብ ጣሪያ በታች ነው። የመኪናው ስፋትም የሚናገረው ነገር አለ፤ ተራው አር32 ስካይላይን 1695 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከታክሱ መስመር 5 ሚሊ ሜትር ብቻ የጎደለ። ጂቲ-አሩ ግን 1755 ነው፤ መስመሩን ተሻግሮ ታክሱን ይክፈል ተብሎ የተሠራ ነው። በጃፓን የቱሪንግ መኪና ሻምፒዮና ከ1990 እስከ 1993 በተሳተፈባቸው 29 ውድድሮች 29ኙንም አሸነፈ፤ በአውስትራሊያም ባትረስት የሚባለውን ትልቅ ውድድር በ1991ና በ1992 ወሰደ። «ጎድዚላ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡለትም አውስትራሊያውያን ናቸው።

ጥያቄ፦ ማዝዳ አርኤክስ-7 ለመግዛት አስቤያለሁ። ሮታሪ ሞተሩን ብዙ ሰው ያስፈራራኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ የሚያስፈራሩዎት ሰዎች ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሮታሪ ፒስቶን የለውም፤ ሦስት ማዕዘን ያለው ሮተር በሞላላ ቤት ውስጥ ይሽከረከራል፣ በየማዕዘኑ ጫፍ ያለችው ማሸጊያ ካለቀች ደግሞ የሞተሩ እመቃ (ኮምፕረሽን) ይወርዳል። ማዝዳ በ1967 ኮስሞ ስፖርትን ከማውጣቱ በፊት በኬንኢቺ ያማሞቶ የሚመራው ቡድን በዚህች ማሸጊያ ምክንያት የሮታሪው ግድግዳ እየተጫረ ዓመታት ታግሏል፤ ጭረቱን «የሰይጣን ጥፍር» ይሉት ነበር። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የሦስቱንም የሮተር ገጽ እመቃ ለየብቻ የሚያሳይ የሮታሪ መለኪያ ባለው ባለሙያ ያስለኩ፤ የተለመደው የፒስቶን ሞተር መለኪያ አይበቃም። ዘይቱንም በየጊዜው ይመልከቱ፤ ይህ ሞተር ማሸጊያዎቹን ለማለስለስ ሲል ዘይት የሚያቃጥለው ታስቦበት ነው።

በነገራችን ላይ የታክሱ ነገር እዚህም አለ። የጃፓን ደንብ የሮታሪን መጠን በ1.5 ያባዛል፤ 13ቢ የሚባለው ሞተር 1308 ሲሲ ስለሆነ ሲባዛ 1962 ይመጣል፤ ከ2000 በታች።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አዲስ አበባ ነው ያለሁት። አባቴ ዲኤክስ ኮሮላ አላቸው። የታወቀችው «86» ኮሮላ ከእርሷ ጋር ዝምድና አላት የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፣ ወንድሜ፤ የአባትህ መኪና ከኢ70 ትውልድ ከሆነች ዝምድናው የቅርብ ነው። በ1983 የወጡት ኮሮላ ሌቪንና ስፕሪንተር ትሩዌኖ፣ ኤኢ86 የሚባሉት፣ ከሥር ያለው አካላቸው የተወረሰው ከዚያው ትውልድ ነው። የዘመኑ ሌሎቹ ኮሮላዎች የፊት ጎማቸው ወደሚነዳበት ሲዛወሩ እነርሱ የኋላ ጎማቸው በሚነዳበት ቀሩ፤ ዝናቸውም የመጣው ከዚያና ከ1587 ሲሲው ባለ 16 ቫልቭ ሞተር ነው። የአባትህን መኪና ግን «86» ለማድረግ ብለህ አትቁረጣት፤ እንዳለች ደህና የተያዘች ዲኤክስ በራሷ ክብር አላት።

ጥያቄ፦ ከእነዚህ መኪኖች አንዱን ኢትዮጵያ ማስገባት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። መንግሥት ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። ከዚያ ባሻገር መሪያቸው በቀኝ ነው፤ እኛ ደግሞ የምንነዳው በመንገዱ ቀኝ ነው።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። የ25 ዓመቱ ሕግ እንዴት እንደሚሠራና የተጭበረበረ መኪና እንዴት እንደሚለይ ቢያብራሩልኝ።

መልስ፦ የአሜሪካ ፌደራል ሕግ ለአሜሪካ ገበያ ያልተሠራ መኪና የደኅንነት ደንቡን ሳያሟላ እንዲገባ የሚፈቅደው 25 ዓመት ሲሞላው ነው። የሚቆጠረው ከተሠራበት ወር እንጂ ከሞዴል ዓመቱ አይደለም፤ ስለዚህ በጥር 1999 የተሠራ አር34 በጥር 2024 ሲፈቀድ፣ በታኅሣሥ የተሠራው አሥራ አንድ ወር ጠብቋል። ካናዳ በ15 ዓመት ስለምትፈቅድ እዚያ ያዩት መኪና ለእርስዎ የተፈቀደ እንዳይመስልዎ። የየስቴቱ የሰሌዳ ደንብ ለየብቻ ነው፤ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ።

ማጭበርበርን በተመለከተ መጀመሪያ የሚታየው የሻንሲ ቁጥር ነው። የጃፓን የአገር ቤት መኪና 17 አኃዝ ያለው ቁጥር የለውም፤ አጭር ኮድና ተከታታይ ቁጥር ብቻ ነው። እውነተኛው አር32 ጂቲ-አር «ቢኤንአር32» በሚል ይጀምራል፤ «ኤችሲአር32» የሚል ካዩ የጂቲ-አር ፓራውርትና መለያ የተለጠፈበት ጂቲኤስ-ቲ የሚባለው ዝቅ ያለው ስካይላይን ነው። ጂቲኤስ-ቲም ጥሩ መኪና ነው፤ ዋጋው ግን የራሱ ይሁን። ሊብሬው ላይ ያለውን ቁጥርና በሞተሩ ክፍል የኋላ ግድግዳ ላይ የተቀረጸውን ያስተያዩ። ጃፓን ውስጥ የመኪና ምርመራ፣ እንደኛ ቦሎ ማለት ነው፣ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በኋላ በየሁለት ዓመቱ ስለሚደረግ፣ የምርመራ ወረቀቶቹ ላይ የተጻፈው ኪሎ ሜትር ከመኪናው ጋር መስማማት አለበት። የጨረታ ወረቀት (መኪናው ጃፓን ውስጥ በጨረታ ሲሸጥ ሁኔታው የተመዘገበበት) ካለ ዋናውን ጃፓንኛውን ይጠይቁ፤ ሻጩ የተረጎመውን አይቀበሉ።

እኔ ራሴ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ተታልዬ አውቃለሁ። ከአንድ አስመጪ የገዛሁት ስካይላይን ወረቀቱ ንጹሕ፣ ቀለሙም የሚያብረቀርቅ ነበር፤ የኋላ ሾክ የሚታሰርበትን ላሜራ በጣቴ ስነካው ግን ስቱኮ ሆኖ አገኘሁት። ከሥሩ ዝገቱ ብረቱን በልቶታል። ከዚያ ወዲህ ማግኔት በኪሴ ሳልይዝ መኪና አላይም። በመጀመሪያዎቹ አር32ዎች ላይ የዘይት ፓምፑን የሚያዞረው የክራንክሻፍት ክፍል ጠባብ ስለሆነ ሞተሩ ተከፍቶ ከሆነ ይህ መታረሙን መጠየቅም አይርሱ።

ጥያቄ፦ መለዋወጫ ይገኛል?

መልስ፦ ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው ይሻላል። ኒሳን ከ2017 ጀምሮ ለአር32 ጂቲ-አር፣ ቶዮታም ከ2020 ጀምሮ ለቆዩት ሱፕራዎች የተቋረጡ መለዋወጫዎችን እንደገና ማምረት ጀምረዋል። ዋጋቸው አያስደስትም።

ጥያቄ፦ እነዚህ መኪኖች በአፍሪካ ተወዳድረው ያውቃሉ?

መልስ፦ በደንብ። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን ዳትሰን 240 ዚ በ1971ና በ1973 አሸንፏል፤ የ1973ቱን ድል ያስመዘገበው ሼካር ሜህታ የዑጋንዳ ተወላጅ ነው። ኬንያዊው ጆጊንደር ሲንግ ደግሞ በ1974ና በ1976 በሚትሱቢሺ ላንሰር አሸንፏል። ጭቃና አቧራ ውስጥ የተገኘው ያ ስም ለጃፓን መኪና በአካባቢያችን ምን ያህል ገበያ እንደከፈተ ለመገመት አያስቸግርም።

ጥያቄ፦ አሁን በቅርቡ የ1985 ትሩዌኖ ገዛሁ። አውራ ጎዳና ላይ ከ100 ኪሎ ሜትር ሳልፍ ከዳሽቦርዱ ውስጥ «ኪን-ኮን» የሚል የደወል ድምፅ ይሰማል። ሦስት መካኒክ አይቶት ምክንያቱን አላገኘውም። ምን ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ምንም አልተበላሸም። በዚያን ጊዜ በጃፓን መኪናው ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ሲያልፍ ነጂውን የሚያስጠነቅቅ ደወል እንዲኖረው ደንቡ ያስገድድ ነበር፤ ግዴታው የተነሳው በ1986 ነው፣ የእርስዎ መኪና ከዚያ በፊት የተሠራች ናት። ደወሉ መጮኹ መኪናዋ በእርግጥ የአገር ቤት ሥሪት መሆኗንና ዳሽቦርዷም እንዳልተለወጠ ያሳያል። መካኒኮቹ ገመዱን እንዳይቆርጡት ዛሬውኑ ይንገሯቸው።