ሲዲ8ን በፒኢ-ሳይ7 እንዳታዝዢ (የእኔ ጉድ)

ሰላም እህቴ። «የቲቢ ታካሚዎች ደም ላይ ሲዲ3፣ ሲዲ4ና ሲዲ8 በፍሎው ልለካ ነው፤ የትኛውን አንቲቦዲ ልዘዝ? እንዴትስ ላስገባ?» ያልሽውን ሳነብ የራሴ የማስተርስ ጊዜ መጣብኝ። (ለማያውቅ፦ ሲዲ3፣ ሲዲ4ና ሲዲ8 ቲ በሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ላይ ያሉ ፕሮቲኖች ናቸው፤ ፍሎው ደግሞ ቀለም የተሸከመ አንቲቦዲ የተጣበቀባቸውን ሴሎች በሌዘር እያበራ የሚለይ ማሽን ነው።) ከእኔ በፊት «አድቫይዘርሽን ጠይቂ» ብለው የመለሱልሽን ተያቸው። እኔም ጠይቄ ነበር፤ «ካታሎግ ላይ አለልህ» ተባልኩ።

1ኛ. ማሽንሽ እንደኛው ሰማያዊና ቀይ ሌዘር ካለው ሲዲ3ን በፊትሲ፣ ሲዲ4ን በፒኢ፣ ሲዲ8ን በኤፒሲ እዘዢ (ሦስቱም አንቲቦዲው ላይ የሚጣበቁ የሚያበሩ ቀለሞች ናቸው)። በቃ። ለሦስት ፕሮቲን መራቀቅ አያስፈልግም። እኔ ግን ተራቀቅኩ። «ኤፒሲን ወደፊት ለምጨምረው ማርከር ላቆየው» ብዬ ሲዲ8ን በሌላ ቀለም፣ በፒኢ-ሳይ7 አዘዝኩት። ያ ወደፊት እስካሁን አልመጣም።

2ኛ. የድጋፍ ደብዳቤሽን በአማርኛ አብራርተሽ አስጽፊ። የእኔ ኢንቮይስ «ማውስ አንቲ-ሂዩማን ሲዲ4» ይላል። ስሙን የማልጠራው አንድ ቢሮ ያለ ሰውዬ አነበበና «አይጥ ልታስገባ ነው? የእንስሳት ጤና ፈቃድህስ?» አለኝ። ከአይጥ ሴል የተሠራ፣ የሰውን ሲዲ4 የሚይዝ ፕሮቲን እንደሆነ፣ ጠርሙሱም ከአውራ ጣቴ እንደማይበልጥ አስረዳሁ። «አንቲ-ሂዩማን ማለት ፀረ ሰው አይደል?» ብሎ ወደ ሌላ መስኮት ላከኝ። የዚያኛው መስኮት ሰው ስብሰባ ላይ ነው። በ9ኛው ቀን ካርቶኑን ስከፍት በረዶው ውሃ ሆኖ፣ ውሃውም ሞቆ ነበር። አልቅሼ መመለስ ሲገባኝ «ተመስገን፣ ወጣልኝ» ብዬ ወደ ላብ ሮጥኩ። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ «ለምርምር ብቻ የሚውል፣ ሕይወት ያለው እንስሳ የሌለበት፣ ለታካሚ የማይሰጥ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚቀመጥ» የሚለው ይግባ።

አሁን ዋናው ጉድ። ማሽኑ ያለው ሌላ ግቢ ነው፤ ወረፋዬም ሁሌ በማግስቱ ጠዋት። ስለዚህ ስቴይን ያደረግኩትን (አንቲቦዲ የጨመርኩበትን) ደም ሴሉን እንዳለ በሚያቆይ ኬሚካል፣ በፓራፎርማልዴሃይድ አሳድሬ ነበር የምወስደው። ኮምፔንሴሽኑን (አንዱ ቀለም ወደ ሌላው ቀለም መስኮት የሚያፈሰውን ብርሃን የሚቀንሰውን ስሌት) ደግሞ ከእኔ በፊት የሠራ ሰው ማሽኑ ላይ ያስቀመጠውን እንዳለ ተጠቀምኩ፤ ጊዜ መቆጠቤ ነው። ውጤቱ ሲወጣ ሲዲ4ንም ሲዲ8ንም አንድ ላይ የተሸከሙ ቲ ሴሎች በሽ በሽ ናቸው። ጤነኛ ሰው ደም ውስጥ እንዲህ ያሉት ጥቂት ናቸው። «ቲቢ ያመጣው ለውጥ ነው!» ብዬ ለአድቫይዘሬ ነገርኩት፤ ከእኔ በላይ ደስ አለው። አብስትራክት ጻፍን። ሁለት ወር ሙሉ በእነዚህ ሴሎች ሳልም ከረምኩ።

ያነቃችኝ ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ትልቅ ሴት ናት። ስክሪኑን አየት አደረገችና «ልጄ፣ ሲዲ8 ብቻውን ያለበት ቱብህ የታል?» አለችኝ። አልነበረኝም። በማግስቱ ሲዲ8 ብቻ የገባበት ቱብ አምጥቼ አስነበብኩ፤ ሲዲ4 ጨርሶ ያልገባበት ቱብ በፒኢ በኩል ቦግ ብሎ በራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒኢ-ሳይ7 የሁለት ቀለም ቅብብሎሽ ነው፤ ፒኢ የሌዘሩን ጉልበት ተቀብሎ ለሳይ7 ያቀብላል፣ ሳይ7 ደግሞ በሩቁ ቀይ፣ 780 ናኖ ሜትር አካባቢ ያበራል። ሙቀት፣ ብርሃን ወይም ፎርማልዴሃይድ (ያ ደሙን ያሳደርኩበት ኬሚካል) ቅብብሎሹን ሲበጥሰው ፒኢው ለራሱ 578 አካባቢ ይበራል። ያ ደግሞ የሲዲ4 መስኮቴ ነው! ያ ሁሉ «አዲስ» ሴል ተራ ሲዲ8 ነበር። ጥፋተኛው የ9 ቀኑ ሙቀት ይሁን የእኔ ማሳደር አልለየሁትም፤ ቢሮውን መርገም ግን ይቀለኛል። ብቻ በየዙሩ እያንዳንዱን ቀለም ለብቻው የያዘ ቱብ ይኑርሽ፤ የሌላ ሰው ኮምፔንሴሽን አትጠቀሚ።

3ኛ ላይ ነበርኩ መሰለኝ። ክሎን፣ ማለትም አንቲቦዲውን የሚያመርተው የሴል ዘር። ሲዲ4 ስለተባለ ብቻ ርካሹን አታንሺ። ኦኬቲ4 የሚባለው ክሎን የሚይዛት የሲዲ4 ክፍል በአንዳንድ አፍሪካዊ ዝርያ ባላቸው ሰዎችና በአንዳንድ ጃፓናውያን ላይ በተፈጥሮ የተለወጠች ናት፤ ሴሉ ሲዲ4 እያለው የሌለው ይመስልሻል። አርፒኤ-ቲ4 ወይም ኤስኬ3 በይ። ይህን እንኳ ሳልቃጠል በማንበብ ነው ያወቅኩት።

በብር በኩል ደግሞ ልኩራና፣ ከአንቲቦዲው ጋር የመጣው ወረቀት ለ100 ማይክሮ ሊትር ደም 5 ማይክሮ ሊትር አንቲቦዲ ይላል። እኔ 5፣ 2.5፣ 1.25 እና 0.6 ሞከርኩ። 1.25ቱ ፕሮቲኑ ያለውን ሴል ከሌለው የለየው ልክ እንደ 5ቱ ነው። የ100 ናሙና ጠርሙስ 400 አደረሰኝ። የእኔን ቁጥር ግን አትቅጂ፤ በራስሽ ደም ላይ ሞክሪው።

ሁለተኛውን ትዕዛዝ (ሲዲ8 በኤፒሲ!) ስቶር በር ላይ ቆሜ ነው የተቀበልኩት። የስቶሩ ሰው «ሪኤጀንት ማይነስ 20 ነው የሚገባው» ብሎ ሊነጥቀኝ ምንም አልቀረው። ፒኢም ኤፒሲም አንዴ በረዶ ከሠሩ አለቀላቸው። ሻጩ ሰኞ እንዲልከው ለምኚ፤ ዓርብ የደረሰ ካርቶን ቅዳሜና እሁድን የሚያሳልፈው ከዚያ ሰውዬ ፍሪዘር ጋር ነው።