ትል የጠፋበት የጓሮ አፈር

ጥያቄ፦ ከዓመታት በፊት የመኪና ባትሪ ይጠገንበት በነበረ ግቢ ውስጥ ጎመንና ቆስጣ እንተክላለን። ከአጥሩ ሥር ባለው ጥግ ስቆፍር አንድም የምድር ትል አላገኝም፤ በወጥ ቤቱ በኩል ግን ዶማው ባረፈ ቁጥር ይወጣል። ያጠፋው ባትሪው ይሆን? ትል ያለበትንስ በኩል ያለ ስጋት መትከል እንችላለን?
አንባቢ፣ ከአቃቂ

መልስ፦ ጥርጣሬዎ መሠረት አለው። ባትሪ ሲፈታ እርሳስና አሲድ አብረው ይፈሳሉ፤ አሲዱም እርሳሱ በአፈሩ እርጥበት ውስጥ እንዲሟሟ ስለሚያግዝ ጉዳቱ ይብሳል። የምድር ትል ደግሞ አፈሩን እየዋጠ የሚኖር፣ በእርጥብ ቆዳውም የሚተነፍስ ፍጡር በመሆኑ ብክለቱ በአፉም በቆዳውም ይገባበታል።

ብዙ ሰው ትሉ ወዲያው ተመርዞ የሚሞት ይመስለዋል፤ ይሁን እንጂ ከሞቱ በፊት የሚጎዳው መራባቱ ነው። በላቦራቶሪ በሚደረገው የታወቀ ምርመራ፣ ያደጉ ትሎች ለ28 ቀናት በተበከለ አፈር ውስጥ ከቆዩ በኋላ ተለቅመው ይወጣሉ፤ ከጣሏቸው የእንቁላል ከረጢቶች የተፈለፈሉት ትንንሾቹ ደግሞ ሌላ 28 ቀናት ቆይተው ይቆጠራሉ። ትልልቆቹ በሕይወት እያሉ የተፈለፈሉት እጅግ ጥቂት ሆነው የሚገኙበት ጊዜ አለ። አፈሩ ትል አልባ የሚሆነው እንግዲህ አንዳንዴ ተተኪ በማጣት ነው።

በእንግሊዝ አገር፣ በብሪስቶል አጠገብ፣ በአቨንማውዝ የነበረው የዚንክና የእርሳስ ማቅለጫ በ2003 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። ወደ ፋብሪካው በተጠጉ መጠን የትሎቹ ዓይነትም ብዛትም እየቀነሰ ሄዶ፣ እጅግ ቅርብ በሆነው መሬት ላይ ጨርሶ አልተገኙም፤ በአቅራቢያው ባለ ጫካም የረገፈው ቅጠል ሳይበሰብስ ተነባብሮ ታይቷል። እርስዎም የአምናው ቅጠል በዚያ ጥግ እንዳለ ተኝቶ እንደሆነ ይመልከቱ። እርግጥ ነው፣ ድርቀት፣ በመረገጥ የጠጠረ መሬትና ፀረ ተባይ መድኃኒትም ትልን ያጠፋሉ።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ የትል መኖር የአፈር ንጽሕና ማስረጃ አይደለምና። ትሉ ካድሚየም የተባለውን መርዛማ ብረት ከፕሮቲን ጋር አስሮ፣ እርሳስንም በአንጀቱ ዙሪያ ባለው ቢጫማ ሥጋ ውስጥ እያኖረ ብዙ መሸከም ይችላል። በዚያው በእንግሊዝ አገር፣ በዴቨን ባለ አሮጌ የማዕድን ስፍራ፣ አርሰኒክ በበዛበት አፈር ውስጥ፣ መርዙን የለመዱ ትሎች ይኖራሉ። እንዲህ ያለውን ትል የምትለቅም ዶሮ የተሸከመውን ትወርሳለች፤ እርሳስ ከሆነም እስከ እንቁላሏ ይደርሳል።

ስለዚህ ከሁለቱም በኩል ለየብቻ አፈር ወስደው፣ የእርሳሱ መጠንና የአሲድነቱ ደረጃ እንዲለካልዎ በአፈር ላቦራቶሪ ያስመርምሩ። ውጤቱ እስኪመጣ በጥጉ ምንም አይትከሉ፤ ዶሮም ካለዎት አይልቀቁበት። ከሌላው በኩል የተቆረጠውን ጎመን ቅጠል በቅጠል አጥበው ይጠቀሙ፤ እርሳስ ወደ ሰው የሚደርሰው በአብዛኛው ቅጠሉ ላይ በተጣበቀው አፈር ነው። ኖራ መጨመር አሲዱን ያበርዳል፣ እርሳሱን ግን ከቦታው አያነሣውም።