ካርቡሬተሩን ከመነካካታችሁ በፊት

ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ሳይክላችሁን ቤታችሁ ራሳችሁ ለመሥራት መነሳታችሁ ደስ ይለኛል። ዕድሜዬ ያለቀው በዚሁ ሥራ ነውና አንድ አደራ ልበላችሁ፦ ካርቡሬተር ማመጣጠን፣ ማለትም ነዳጅን ከአየር የሚቀላቅሉት አራቱ ካርቡሬተሮች እኩል እንዲሠሩ ማድረግ፣ የመጨረሻው ሥራ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

ሞተሩ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጠው በዝግታ ሲዞር) ሲንቀጠቀጥ እጅ ቶሎ ወደ ካቻቢቴ ይሄዳል። ቆይ በሉት። መጀመሪያ የቫልቭ ክፍተቱን ለኩ። ካንዴላዎቹንና የአየር ማጣሪያውን እዩ። ካርቡሬተሩን ከሲሊንደሩ ጋር የሚያገናኘው ጎማ ተሰንጥቆ አየር እየሳበ እንዳይሆን ፈትሹ። የቫኪዩም ጌጁ (የእያንዳንዱን ሲሊንደር የመሳብ ኃይል የሚለካው መሣሪያ) አንዱ ሲሊንደር እንደሌላው እንደማይስብ ይነግራችኋል፤ ምክንያቱን ግን አይነግራችሁም። ክፍተቱ የጠበበ ቫልቭም ሆነ የተሰነጠቀ ጎማ ንባቡን ያዛባሉ። ያንን በማስተካከያው ብሎን ካቻቻላችሁት በሽታውን ደበቃችሁት እንጂ አላዳናችሁትም።

ጌጅ ከሌላችሁ ጥቂት ሜትር ግልጽ ቱቦ በቂ ነው። በ"ዩ" ቅርጽ ጣውላ ላይ እሰሩትና ታችኛውን ክፍል ዘይት ሙሉት። ሁለቱን ጫፎች ከሁለት ሲሊንደሮች የቫኪዩም ቀዳዳ ጋር አገናኙ። ዘይቱ አብልጦ በሚስበው በኩል ከፍ ይላል። የዚያኛው ካርቡሬተር መዝጊያ ይበልጥ ተዘግቷል ማለት ነው። ዘይቱ ሽቅብ ከሮጠ ሞተሩን ወዲያው አጥፉ። ሜርኩሪ ግን በፍጹም እንዳትጠቀሙ፤ ትነቱ መርዝ ነው።

ብዙ ማኑዋሎች በሲሊንደሮች መካከል እስከ 2 ሴንቲሜትር ሜርኩሪ (የመሳብ ኃይል መለኪያ ነው) ልዩነት ይፈቅዳሉ። ይህ በዘይት ሲለካ ወደ 30 ሴንቲሜትር ይሆናል። ስለዚህ ዘይቱ ጣት በምታህል ከፍታ ቢለያይ አትጨነቁ፤ ከበቂ በላይ ተስተካክሏል።

ሥራውን ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፣ ደጅ ላይ ሥሩ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የጭስ ማውጫው ጋዝ ይገድላል። ብዙዎቹ ባለ አራቶች ላይ 1ኛውን ከ2ኛው፣ 3ኛውን ከ4ኛው ታመጣጥናላችሁ፤ ከዚያ ሁለቱን ጥንዶች በመሃለኛው ብሎን። ብሎኑን በነካችሁ ቁጥር ነዳጅ ሰጥታችሁ ልቀቁት፣ ማያያዣዎቹ ቦታቸውን ይያዙ። ብሎኑ ማጥበቂያ ዳዶ ካለው፣ ዳዶውን ስታጠብቁት ንባቡ ስለሚንሸራተት ደግማችሁ እዩ።

በመጨረሻ ሚኒሞውን ማኑዋሉ በሚለው ልክ አድርጉና የቫኪዩም ቀዳዳዎቹን ክዳኖች አንድ በአንድ መልሱ። አንዱ ከተረሳ ያ ሲሊንደር አየር ይስብና ልፋታችሁ ሁሉ ከንቱ ይቀራል።