የሙዚቃ መሣሪያ ሙዚየም ስትገቡ አትቸኩሉ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት የሙዚቃ መሣሪያ በመጠገን ነው። ጥንታዊ መሣሪያዎች የተሰበሰቡበት ሙዚየም የሚሄድ ወጣት ሳገኝ ዝም ማለት ያቅተኛል። ሁሉንም ካላየሁ አትበሉ። አራት አምስት መሣሪያ ምረጡና እዚያው ቁሙ። ፎቶው ይደርሳል። ከእያንዳንዱ ፊት ስትቆሙ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይህን የሠራው ሰው ምን ቸግሮት ነበር?

ፒያኖን ውሰዱ። ቀድሞት የነበረው ሃርፕሲኮርድ የተባለ ባለ ቁልፍ መሣሪያ ክሩን የሚቆነጥረው በትንሽ ስንጥር ነው። ቁልፉን በኃይል ብትመቱት፣ ቀስ ብላችሁ ብትነኩት፣ የድምፁ ጉልበት ያው ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1700 ገደማ ጣሊያን ፍሎረንስ ውስጥ ለገዢው የሜዲቺ ቤተሰብ ይሠራ የነበረው ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ መቆንጠሩን ትቶ ክሩን በመዶሻ አስመታው። ግን መዶሻው ክሩ ላይ ተለጥፎ ከቀረ ድምፁ ይታፈናል። ስለዚህ መትቶ ወዲያው የሚመለስበትን ዘዴ ፈለሰፈ። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከእሱ ፒያኖዎች ዛሬ የቀሩት ሦስት ብቻ ናቸው፤ የ1720ው ኒውዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም፣ የ1722ቱ ሮም፣ የ1726ቱ ላይፕሲግ። ከሦስቱ አንዱን የማየት ዕድል ከገጠማችሁ ሳጥኑ ላይ አትፍዘዙ። የመዶሻውን አሠራር የሚያሳይ ሥዕል ወይም ሞዴል ካለ እሱን አጥኑ።

ቫዮሊን ጋ ስትደርሱ ጠርጠር አድርጉ። የተሠራበት ዓመት ጥንት ቢሆንም አንገቱ የዚያ ዘመን ላይሆን ይችላል። በኋላ አዳራሾች እየሰፉ ሲሄዱ ጎላ ያለ ድምፅ ተፈለገ። የዝነኛው ጣሊያናዊ ሠሪ የስትራዲቫሪ ቫዮሊኖች ሳይቀሩ ተከፍተው አንገታቸው ተቀየረ፤ በውስጥ ያለው የድጋፍ እንጨትም በጠንካራ ተተካ። አንዳንዱ ባለሙያ በዚህ ይቆጫል። እኔ አልቆጭም፤ የሚሠራ መሣሪያ መጠገኑ አይቀርም።

መበላቱንም እዩ። ፒያኖን በመሰለ ባለ ቁልፍ መሣሪያ ላይ መሃል ያሉት ቁልፎች ጎድጉደው የዳሮቹ አዲስ ከመሰሉ፣ የተጫዋቹ እጅ የት ይውል እንደነበር ታውቃላችሁ።

«ታዲያ ለምን አይጫወቱባቸውም?» ትሉ ይሆናል። የተወጠረ ክር ሳጥኑን ያለ ዕረፍት ይስባል። ያረጀ የእንጨት ዋሽንት ደግሞ በትንፋሽ እርጥበት ሊሰነጠቅ ይችላል። ለዚህ ነው ብዙ ሙዚየም ዋናውን አስቀምጦ በቅጂው የሚያስጫውተው። ኮንሰርት ያለበትን ቀን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሙያው ከሳባችሁ ደግሞ ልኬቱ የሰፈረበት የቴክኒክ ንድፍ እንዳላቸው ጠይቁ፤ አንዳንዶቹ ለሠሪዎች ይሸጣሉ።